ጠፋብኝ ያልኩት ወረቀት

ጥቅምት 5

ዛሬም እንደ ሌላው ቀን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጤና ጣቢያው ገባሁ። የማዋለጃ ክፍሉን ወለል በበረኪና አጠብኩ፤ የተመርማሪ ወንበሮቹን ወለወልኩ፤ ውሃ ቀዳሁ። ከሐይቁ በኩል ብርድ ይነፍሳል። እጄ ተሰነጣጥቋል፤ በረኪናው ይለበልበዋል።

አራት ሰዓት ላይ ከአርዲቦ በኩል የመጣች እናት ተገላገለች። ሴት። ስሟን ማን ልትይ አስበሻል ቢሏት ተኝታ በጣቷ ወደ ኢንሳፍ ጠቆመች። በእሷ ስም። ለምን? ስታምጥ እጇን ስለያዘቻት ነው አሉ።

ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ይቺ ሦስተኛዋ ናት። ኢንሳፍ እዚህ ጽዳት ከተቀጠረች ገና ዓመት ከመንፈቋ፣ ሦስት ሕፃን በስሟ ይጠራል። እኔ አስራ አራት ዓመቴ። በእኔ ስም ሀኒያ የተባለ ልጅ በዚህ አገር እስካሁን አልሰማሁም።

ጥቅምት 6

ሲስተር ወይኒቱ ዛሬ አንዱን እንግዳ "ሀኒያ እኮ ፊደል ትለያለች" አለችው። ጥርስ ያወጣ ሕፃን እንደምታሳይ...

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። የለየሁት ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣና ከመድኃኒት ካርቶን ነው። አሁን ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ይህን ማስታወሻም እጽፋለሁ። ያውም ጀርባው ባዶ በሆነ የድሮ መዝገብ ላይ። ፊደል ትለያለች! ባትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 9

ለማዋለጃ ክፍሉ አንድ ረዳት በቋሚነት እንደሚቀጠር ከሰኔ ጀምሮ ይወራ ነበር። ለማን እንደሆነ አልጠራጠርም ነበር። ከእኔ በፊት የገባ የለማ።

ኃላፊያችን አቶ ሽታው ሁለታችንንም አስጠራን። ለኢንሳፍ ሆነ። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ከወላዶቹ ጋር ትግባባለች። እኔን ደግሞ፣ "አንቺ የቤቱ ሰው ነሽ" አለኝ። እንደ ግድግዳው ማለቱ ነው?

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

በር ላይ ዘበኛው አያ ጠሃ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ፣ "ዶሮ እንኳ አስራ አራት ዓመት ብትታቀፍ አንድ ትፈለፍል ነበር" አለኝ። እየሳቀ። ሳቅሁለት።

ኢንሳፍ አንገቴን አቀፈችኝ። እትዬ ሀኒያ፣ ሁሉንም ከአንቺ ነው የምማረው አለች። ከልቧ ነበር። ከልቧ ባይሆን ይቀለኝ ነበር። ወዲያው ባሏ ሙዓዝ ባጃጁን አቁሞ ጠራት። እየሮጠች ሄደች። እኔ ባልዲ ይዤ ቀረሁ።

ለምን ሁሉ ነገር ለእሷ ይመጣል? ባሉም፣ ቦታውም፣ ሳቁም...

ጥቅምት 14

ሥልጠና ነበር። ግማሽ ቀን። ኢንሳፍ የለችም፤ አጎቷ ሞቶ ውጫሌ ለቅሶ ሄዳለች።

ነገሩ ስለ ጉበት በሽታ ነው። እኛ የወፍ በሽታ የምንለው ዓይነት፤ ሲስተር ሄፓታይተስ ቢ ትለዋለች። በደም ይተላለፋል። ስለዚህ ደም የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ፣ ከሐኪም እስከ ጽዳት፣ ሦስት ጊዜ ክትባት ይወስዳል። ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። እስከ ኅዳር ሠላሳ ቢያንስ አንዱን ያልወሰደ ማዋለጃ ክፍልና ላቦራቶሪ አይገባም። ካርድ ይታያል።

ከኋላ ያሉት ማንሾካሾክ ጀመሩ። ከሰሞኑ ገበያው ሁሉ የሚያወራውን ነው፣ አሳማ አለበት የሚለውን። ማንም ደፍሮ አልጠየቀም። በመጨረሻ አያ ጠሃ ብድግ አለ። "ሲስተር፣ እንዳትቆጪ እንጂ... ምን ምን ገብቶበት ነው የሚሠራው?"

አልተቆጣችም። በእርሾ ነው አለች። እርሾ ውስጥ ያድጋል፤ በሽታው ራሱ የለበትም፣ የላይ ቅርፊቱን የሚመስል ነገር ብቻ ነው። ትንሽ የአሉሚኒየም ጨው አለበት። ሌላው ውሃና ጨው ነው።

"እርሾና አሉሚኒየም" አለ አያ ጠሃ። "እንግዲያውስ በብረት ድስት ተቦክቶ ነዋ የሚመጣልን።" ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሲስተርም ሳቀች።

ከዚያ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት አደለችን። አስራ ሁለት ብቻ ነው የመጣው፤ ለተገኘ ሰው በቃ። እኔ ወረቀት አልጥልም። ማታ ቤቴ ሆኜ ሦስቴ አነበብኩት። አራተኛው መስመር ላይ፣ "ከአሳማም ሆነ ከሌላ እንስሳ የተወሰደ ንጥረ ነገር የለበትም" ይላል። በእስኪርቢቶ አሰመርኩበት። ደስ ስላለኝ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር ለካ።

ጥቅምት 15

ተወጋሁ። ክንዴ ትንሽ ከብዶኛል። ሌላ ምንም የለም።

ጥቅምት 18

ኢንሳፍ ከለቅሶ ተመለሰች። ፊቷ ጠቁሯል። ገና ልብሷን ሳትቀይር ወደ እኔ መጣች፤ ወደ ልብስ ማጠቢያው።

ውጫሌ ለቅሶ ቤት ሴቶቹ ነግረዋታል። ክትባቱ የአሳማ ነገር አለበት፣ የጤና ሰዎችም ያውቃሉ ግን ይደብቃሉ ብለው። አማቷም ሰምታለች። ሙዓዝም። እንቅልፍ አልወሰዳትም።

እትዬ ሀኒያ፣ አንቺ ሥልጠናው ላይ ነበርሽ፣ ምን አሏችሁ? አለችኝ።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። እርሾ። አንዲት ቃል!

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኳት። "ብዙ ነገር ነው ያወሩት። ሰውም የሚለውን ይላል።"

ዋሸሁ? አልዋሸሁም። አንሶላውን መጭመቅ ቀጠልኩ። ሲስተርን ጠይቂ ልላት አስቤ ነበር... አላልኩም።

ጥቅምት 19

ለምን አላልኩም?

ጥቅምት 22

ኢንሳፍ ሰፈራቸው ወዳሉት ሸህ ኑርዬ ሄዳ ነበር። ሸሁ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። በወሬ ሐላልም ሐራምም አልልም፣ ምን እንደገባበት የተጻፈ ወረቀት ካለ አምጪልኝ፤ ያኔ እነግርሻለሁ ብለዋታል። እሷም ቃል ገብታላቸዋለች፤ ለባሏም። እሳቸው ወረቀቱን ሳያዩ ላትወጋ።

ወረቀት መታደሉን ከአያ ጠሃ ሰምታለች። የእሱ ትንባሆ መጠቅለያ ሆኗል። የሌሎቹም የት እንደደረሰ ማን ያውቃል። ግማሹ የሠለጠነው ሰው ከገጠር ጤና ኬላ የመጣ ነው፤ ተበትኗል። ከእኔ ሌላ ወረቀት የሚያስቀምጥ እንደሌለ ታውቃለች።

"ያንቺ አለ አይደል?" አለችኝ።

ቤቴ ነበር። ፍራሼ ሥር። ያሰመርኩበት።

"ጠፋብኝ" አልኩ።

አፌ ነው ያለው እንጂ እኔ ያልኩ አልመሰለኝም። በዚያው ቅጽበት ግን ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀዘቀዘ፤ ለብዙ ቀን ሲነድ የነበረው። ደስ አለኝ ልበል? አዎ። ደስ አለኝ። ለራሴ ካልጻፍኩት ለማን ልጽፈው ነው።

ኢንሳፍ ግን፣ አይዞሽ፣ ሲጠፋ ይጠፋል ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

ጥቅምት 23

ዛሬ አገኘሁት ልላት እችላለሁ። ነገም እችላለሁ።

ኅዳር 3

ሲስተር ወይኒቱ የካርድ ምዝገባውን ስታይ የኢንሳፍ ቦታ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ባለበት ጠየቀቻት። ኢንሳፍ አንገቷን ደፍታ፣ ምን እንደገባበት እስክጠይቅ ነው አለች። ሲስተር ሌሊቱን ሁሉ አዋልዳ ነበር ያደረችው፤ ደክሟታል። "አንቺ እንኳ? ሃይማኖትን ሰበብ አታድርጊው" አለቻት።

ሲስተር እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። በሐይቅ ከተማችን ክርስቲያንና እስላም እንዲህ አይባባልም። ሲስተርም ገና ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የደነገጠች መሰለኝ። ግን ወጥቷል። ኢንሳፍ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወጣች።

ከእንግዲህ ሲስተርን አትጠይቅም። ያ በር ተዘጋ።

የእኔን ቆሻሻ ሥራ ሲስተር ሠራችልኝ። እኔ እጄን አላነሳሁም...

ኅዳር 16

ሁለተኛውን ተወጋሁ። ሲስተር፣ "ሀኒያዬ፣ አንቺ እኮ ወርቅ ነሽ" አለችኝ። አስራ አራት ዓመት ጠብቄ ያገኘኋት ቃል ናት። ልጠጣት ፈለግሁ። አልጣፈጠችኝም።

ኅዳር 30

ቀኑ ደረሰ። ሁሉም ካርዱን አሳየ። ኢንሳፍ የላትም።

አቶ ሽታው አልጨከነባትም፤ አላባረራትም። ከደም ይራቅላት ብሎ ወደ ውጭ አወጣት። ጓሮ፣ ቆሻሻ ማቃጠያው ጋ። የረዳትነቱን ቦታ ለጊዜው እኔ ልይዘው። ሐኪሞቹም ተስማሙ።

ከደም ይራቅላት... ሰው ሁሉ የተጠቀመበት መርፌ መጨረሻው የት ነው? ጓሮ አይደለም እንዴ? እኔ ለስንት ዓመት አቃጥያለሁ፤ አውቃለሁ። ለአቶ ሽታው ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ተመልሼ ዘጋሁት። ቦታው እጄ ላይ ነበረ።

አረንጓዴውን ልብስ ሰጡኝ። ኢንሳፍ ለብሳው የነበረውን። ትከሻው ላይ ይጠበኛል።

ታኅሣሥ 6

ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ አንዲት ምጥ የያዛት ልጅ፣ "ያቺ ቀይዋ ልጅ የለችም?" ብላ ጠየቀችኝ። እኅቷ የወለደችው የኢንሳፍን እጅ ይዛ ነው።

የለችም አልኩ። እጇን ያዝኩላት። በመሃል ለቀቀችኝና የአልጋውን ብረት ያዘች።

ቦታውን ወሰድኩ እንጂ እሷን አልሆንኩም። አሁንም እቀናለሁ! ጓሮ ጢስ ውስጥ ቆማ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ አሁንም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ታኅሣሥ 14

በመስኮት አየኋት። አያ ጠሃ የሆነ ነገር ይነግራታል፤ አካፋውን ተደግፋ ትስቃለች። እዚያም ሆና ትስቃለች።

ታኅሣሥ 21

ሁሉንም ልጽፈው።

ሦስት ሰዓት አካባቢ ከጓሮ ጩኸት ሰማን። ከላቦራቶሪ የወጣ ከረጢት ነበር። መርፌ በካርቶኑ መግባት ሲገባው አንዱ እዚያ ውስጥ ጥሎታል። ኢንሳፍ ከረጢቱን ስታነሳ በጓንቷ አልፎ መዳፏ ላይ ገባ። ደም ያለበት መርፌ። የማን ደም እንደሆነ አይታወቅም። ትናንት ግን የወፍ በሽታ የተገኘባቸው ሁለት ሰዎች ደም ተቀድቷል።

ሲስተር ወይኒቱ እየሮጠች መጣች። በውሃና በሳሙና አጠበቻት። የኤች አይ ቪ መከላከያውን ኪኒን ኢንሳፍ ወዲያው ዋጠች። የጉበቱ ክትባት ላይ ነው የቆመችው። ክትባቱን ዛሬውኑ ብትጀምር ሊያድናት ይችላል፤ በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል አለች ሲስተር። ለዚሁ በሽታ የሚሰጥ ሌላ መርፌ ካለ ብለው ደሴ ደወሉ፤ የለም ተባለ። ያለው ክትባቱ ብቻ ነው።

ኢንሳፍ እምቢ አለች።

ሲስተር ለመነቻት። በልጆቼ እምላለሁ፣ የአሳማ ነገር የለበትም አለቻት። ኢንሳፍ፣ ቃል ገብቻለሁ፣ ለሸሁም ለባሌም አለች። ሰበብ ነው ብለሽኝ የለ፣ ሰበቤን ተዪልኝ። ሲስተር አለቀሰች። ወረቀት ፍለጋ መሳቢያ ሁሉ ተገለበጠ። አንድ አልተረፈም። ሙዓዝ ደግሞ ሰው ጭኖ ኩታበር ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም።

ከዚያ ኢንሳፍ ከዋንዛው ሥር ተቀመጠችና አፉ መጠየቅ ጀመረች። በእኛ አገር መንገድ የሚሄድ፣ የታመመ፣ ሞት የሸተተው ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ በደል ይዞ እንዳይሄድ። መጀመሪያ አያ ጠሃን። አፉ ብያለሁ ልጄ አላት፤ ድምፁ ተሰበረ። ሲስተርን። አቶ ሽታውን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"እትዬ ሀኒያ፣ ቦታሽን ስለወሰድኩብሽ አፉ በይኝ። ያንቺ እንደነበረ አውቅ ነበር።"

እሷ! እኔን!

አፉ ማለት አልቻልኩም። በየትኛው አፌ? ዞሬ ሮጥኩ። አረንጓዴውን ልብስ እንደለበስኩ በአስፋልቱ ሮጥኩ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ሰው ይዞ ምን ሆንሽ ቢለኝ አልመለስኩም። ፍራሹን ገለበጥኩ፤ አለ። ይዤ ተመለስኩ።

ሲስተር ለሸህ ኑርዬ ደወለችና ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። አንብቢው አለችኝ። ሰው ከቦናል፤ ሐኪሞቹ፣ ተመርማሪዎቹ፣ አያ ጠሃ። አነበብኩ። ከላይ ከቀኑ ጀምሬ እስከ መጨረሻው። እርሾውን፣ አሉሚኒየሙን፣ አራተኛውን መስመር። ድምፄ አልተሰናከለም።

ሸሁ፣ ያን መስመር ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩት።

"እርሾ ነው እንዴ ታዲያ? እርሾማ ከቤታችን መቼ ጠፍቶ ያውቃል። ልጄ ኢንሳፍ፣ በይ ተወጊ፣ አላህ ያሽርሽ" አሉ። ቀጥለውም፣ ማን ናት ያነበበችው? ማሻ አላህ፣ እንዴት ጥርት አድርጋ አነበበች አሉ።

ሰው ሁሉ አየኝ። አስራ አራት ዓመት የጠበቅኩት ይኼ አልነበር? ሀኒያ ማንበብ ትችላለች እንዲሉ። በሉ እንግዲህ፣ አሉ። መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

ኢንሳፍ እጇን ዘረጋች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ቀኑን አየች፣ ጥቅምት አስራ አራት። ከዚያ ዓይኗ ወረደ። ብዙ ቆየ።

"አስምረሽበታል" አለችኝ።

ተነሥታ ገብታ ተወጋች።

ታኅሣሥ 22

ለአቶ ሽታውም ለሲስተርም ነገርኳቸው። አልጠፋብኝም ነበር፣ ደብቄባት ነው አልኩ። አቶ ሽታው እስኪርቢቶውን አነሣ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ቦታዋን መልሱላት አልኩት። መመለሱ አይቀርም፣ አንቺ ስላልሽ አይደለም አለኝ። ልክ ነው።

ሲስተር በር ላይ ደረሰችብኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። "እኔም ሰው ፊት አዋርጃታለሁ" አለች።

ባልዲዬን አነሣሁ።

ጥር 5

ኢንሳፍ ማዋለጃ ገባች። በአጠገቤ ስታልፍ እንደ በር ታልፈኛለች። ሙዓዝም ባጃጁን ከሩቅ ያቆማል።

ጥር 20

ዛሬ ሁለተኛዋን ተወጋች። ከክፍሉ ስትወጣ ጠበቅኳት። በሌሊት ያጠናሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ሁሉም ጠፋ። "አፉ በይኝ" ብቻ ወጣኝ።

አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ደሜ በሰኔ ይታያል። እስከዚያ ምንም አልልሽም" አለች።

እውነቷን ነው። ምን እንደበደልኳት ገና አይታወቅማ። ትንሽ ይሁን ትልቅ... ዕድሜዋን ሁሉ ይሁን። ያልተለካ ነገር እንዴት አፉ ይባላል?

የካቲት 26

ረመዳን ከገባ አምስተኛ ቀን። ሴቶቹ አፍጥር ላይ ይጠራሩ ጀምረዋል። ኢንሳፍ ለሁሉም ሳምቡሳ ይዛ መጣች፤ ለሲስተርም ለክርስቲያኖቹም። ለእኔም ደረሰኝ። በሌላ ሰው እጅ ነው ግን የላከችው።

ማታ ሳፈጥር በላሁት። ደግሞ ይጣፍጣል። እሱም ያናድደኛል።

መጋቢት 12

ዱዓ ሳደርግ ስለ ደሟ እለምናለሁ። ንጹሕ አድርገው እላለሁ። ለእሷ ነው ወይስ ለእኔ? አላህ ይለየው። እኔ አልለየሁም።

ሚያዝያ 16

ሦስተኛውን ተወጋሁ። ካርዴ ሞላ። ሙሉ ካርድ ነው፤ አየሁት፣ ከኪሴ ከተትኩት። የማሳየው ሰው የለኝም።

ግንቦት 9

እናቶች ወረቀታቸውን ወደ እኔ ማምጣት ጀምረዋል። ሸህ ኑርዬ ናቸው የላኳቸው አሉ፤ እዚያ አንዲት የምታነብ ሴት አለች ብለው። የልጅ ክትባት ካርድ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ እንኳ። ሁሉንም እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ። የሚያስደስታቸውንም የማያስደስታቸውንም። አንዷ ሊያስፈራኝ ይችላል የምትዪውን ዝለዪው አለችኝ። አልዘለልኩም።

ኢንሳፍ ከሩቅ ሰማችኝ። ሥራዋን ቀጠለች።

ሰኔ 23

የኢንሳፍ ውጤት መጣ። ነፃ ናት። የጉበቱም፣ ሌላውም። ክትባቱም ይዟታል።

የሰማሁት ከአያ ጠሃ ነው። ማጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ወደ እኔ ግን አልመጣችም። ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩ። ሰኔ ብላኝ አልነበር? ሰኔ ሆነ። እንደገና ላስታውሳት? ኧረ የምን ማስታወስ...

ሰኔ 30

ወሩ አለቀ። አላለችም።

ሐምሌ 4

ዛሬ ዓርብ። ኢንሳፍ ዕረፍት ላይ ናት፤ ሳምንቱን ቤቷ ነች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሲስተር ጠራችኝ። ደሴ ለማዋለጃ ረዳቶች የአሥር ቀን ሥልጠና አለ። ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ለደረጃ ዕድገትም ይቆጠራል። ከእኛ አንድ ሰው። ዛሬ ማታ ስሙ መላክ አለበት። የኢንሳፍ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ጥሪ አይቀበልም፤ ዝናቡ ነው መሰለኝ ኔትወርኩን የወሰደው፤ የሙዓዝም እንደዚያው። "ካላገኘናት ያንቺን ስም እልካለሁ" አለችኝ። "አንተውሽም። በሦስት ክትባት ካርድሽ ሙሉ ነው፤ ማንበብም አታንሺም።"

ደሴ። አሥር ቀን። እኔ፣ ደብተርና እስኪርቢቶ ተሰጥቶኝ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ! በሕይወቴ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም።

የሚጠበቅብኝ ምንም አልነበረም። ዝም ማለት ብቻ። ያውም የማንም ጥፋት ያልሆነ ዝምታ። ኔትወርክ የለም፣ በቃ።

ባልዲውን አስቀመጥኩ። ሲስተርን፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አትላኪ አልኳት። የት ልትሄጂ ነው አለችኝ። ወጣሁ።

የኢንሳፍ ቤት በአርዲቦ መንገድ ነው፤ በክረምት ባጃጅ አይሄድበትም፤ ጭቃው ጎማ ይበላል። በእግሬ ሄድኩ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ። ጃንጥላዬ ተገለበጠ። መንገዱን ሁሉ እየቀናሁ ነው የሄድኩት፤ ልዋሽ አልችልም። ይቺ ልጅ ተኝታ እንኳ ይመጣላታል እያልኩ። ተመለሺ እያልኩ። እግሬ ግን ሄደ።

ቤቷን ጠይቄ አገኘሁት። በር ላይ ሆና ጎመን ትቀነጥሳለች። ስታየኝ ተነሣች። ሰው የሞተ መስሏታል።

ቆሜ ነገርኳት። ሥልጠናው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማታ ስም እንደሚላክ። አንድም አልዘለልኩም። እሺ ካለች ጉብታው ላይ ወጥታ ኔትወርክ ፈልጋ ለሲስተር ትደውል አልኳት።

ዝናቡ በመሃላችን ይወርዳል።

"እኔ ባልገኝ ማን ነበር የሚሄደው?" አለችኝ።

"እኔ" አልኩ።

ፊቴን አየች። ከዚያ እግሬን። ጭቃው ላይ ጫማዬ የቱ እንደሆነ አይለይም። ቅጠሉን ከቀሚሷ ላይ አራገፈችና ከበሩ ፈቀቅ አለች።

"ግቢ" አለችኝ።

ገባሁ።